የዝናቡ ዓመትና የመንገደኛው ዓመት፦ የምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ ወቅት ታሪክ

በኬንያና በታንዛኒያ የዱር እንስሳትን ለማየት የሚመች ወቅት ተብሎ በዛሬው የጉብኝት ንግድ የሚታወቀው ከሰኔ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለው ደረቅ ጊዜ ሲሆን፣ ይህም አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ ከአየሩ ጠባይ በቀጥታ የተገኘ፣ ሰው ያልጨመረበትና ያልቀነሰበት እውነት ተደርጎ ይቀርባል። የአገሩ ታሪክ ሲመረመር ግን ጥሩ ወቅት የሚባለው በየዘመኑ የተለያየ ነበር፤ ወሰኑን ያበጀው ዝናቡ ቢሆንም፣ በወሰኑ ውስጥ ወሩን የመረጠው መንገደኛው ነው፤ ምርጫውም ምን ፍለጋ እንደመጣ፣ በምን እንደተጓዘና ከየትኛው ሥራ ፋታ እንዳገኘ የሚያሳይ ሆኖ ይገኛል። ከዐረብኛ ወደ ስዋሂሊ የገባው ሳፋሪ የሚለው ቃል በመጀመሪያ ማናቸውንም ጉዞ የሚያመለክት ነበር፤ የነጋዴውም፣ የዘመድ ጠያቂውም መንገድ ሳፋሪ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተቀመጡ ሲሆኑ፣ ወሮቹ ግን በቅርብ በሚገጥሟቸው የኢትዮጵያ ወሮች ስም ተጠርተዋል።

በምድር ወገብ አካባቢ ዝናብን የሚያመጣው ፀሐይን ተከትሎ ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚመላለስ የደመና መቀነት ነው። ይህ መቀነት በዓመት ሁለት ጊዜ በኬንያና በሰሜን ታንዛኒያ ላይ ስለሚያልፍ አገሩ ሁለት የዝናብና ሁለት የደረቅ ወቅቶች አሉት። ስዋሂሊ ተናጋሪው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበውን ረጅሙንና ከባዱን ዝናብ ማሲካ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ የሚጥለውን አጭሩን ደግሞ ቩሊ ይለዋል፤ በደቡብ ኢትዮጵያ የቦረና አርብቶ አደሮች ገና እና ሐጋያ እያሉ የሚለዩዋቸው ሁለት ዝናቦችም የዚሁ ሥርዓት ክፍል ናቸው። መቀነቱ በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ገፍቶ የኢትዮጵያን ደጋ በክረምት ሲያለብስ በሰሜን ታንዛኒያው የሴሬንጌቲ ሜዳ ሣሩ ይደርቃል፤ ስለዚህ የጎጃም ገበሬ ወንዙ ሞልቶበት ከቀዬው በማይርቅበት ወር የናይሮቢ ሆቴሎች በእንግዳ ይጨናነቃሉ።

ከአውሮፓዊው ጎብኚ አስቀድሞ የዚህን አገር መንገድ በወቅት የከፈለው የዝሆን ጥርስና የባሪያ ንግድ ነበር። የኦማኑ ገዥ ሰይድ ሰኢድ በ1840 አካባቢ መናገሻቸውን ወደ ዛንዚባር ካዛወሩ በኋላ፣ ከባጋሞዮ ጠረፍ ተነሥቶ በታቦራ በኩል እስከ ታንጋኒካ ሐይቅ ዳርቻ፣ እስከ ኡጂጂ የሚዘልቀው የቅፍለት መንገድ ከአህጉሩ ዋና ዋና የጥርስ መውጫዎች አንዱ ሆነ። የባሕሩን ቀን የሚቆርጡት ሁለት ነፋሳት ነበሩ፤ ካስካዚ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ ዳው የተባሉትን ባለ ሸራ መርከቦች ከዐረቢያና ከሕንድ ወደ ዛንዚባር ይነዳል፤ ኩሲ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ደግሞ ከሚያዝያ ጀምሮ ጥርሱን ጭነው ወደመጡበት ይመልሳቸዋል። በየብሱ በኩል ግን ጉዳዩ ከነፋስ ይልቅ በሰው ትከሻ ላይ የወደቀ ነበር። ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ በቅሎና አህያን ስለሚፈጅ ጭነቱ በአብዛኛው በሸክም ይሄዳል፤ ከተሸካሚዎቹም በብዛትም በዝናም የሚበልጡት በታቦራ ዙሪያ የሚኖሩት ኛምዌዚዎች ነበሩ። ኛምዌዚዎች ገበሬዎች በመሆናቸው ማሲካ አባርቶ አዝመራው ሲሰበሰብ ወደ ጠረፍ ይወርዱና የሚቀጥለው ዝናብ ሳይጥል ለእርሻ ይመለሳሉ። በዚህ መሠረት የምሥራቅ አፍሪካን የጉዞ ወቅት መጀመሪያ የወሰነው አዳኝም ጎብኚም ሳይሆን የእርሻ ሥራ ነው። ዐባይና ጊቤ በሞሉ ጊዜ ጭነቱን አራግፎ መስከረም እስኪጠባ የሚጠብቀውን የኢትዮጵያን ሲራራ ነጋዴ የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የቅፍለቱ ጥሩ ወቅት ከዛሬው ጋር በከፊል ቢገጥምም ምክንያቱ የተለየ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። ነጋዴው የሚሻው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያለውን አጭር ጊዜ፣ ኩሬው ገና ውኃ የያዘበትን፣ ጎተራው የሞላበትንና እህል የሚረክስበትን ወር ነበር። ደረቁ ጊዜ በረዘመ ቁጥር፣ ይልቁንም ውኃ ብርቅ በሆነበትና ለጉድጓድ ውኃ ሳይቀር ግብር በሚከፈልበት በኡጎጎ ሜዳ፣ ሰውም ጭነትም ያልቅ ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ እንስሳት በውኃ ዳር የሚሰበሰቡበት ተብሎ የሚወደሰው የመጨረሻው ደረቅ ወር ለተሸካሚው የሚፈራ ወር ነበር። ይህን ሥርዓት ሳይጠብቁ የተነሡት ሰዎች ዋጋውን ከፍለዋል። ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ የጠፋውን ዴቪድ ሊቪንግስተንን ፍለጋ የመጨረሻውን ጓዛቸውን ይዘው ከባጋሞዮ የወጡት በመጋቢት 1871፣ ማሲካ በሚገባበት ሳምንት ነበር፤ የማካታ ሜዳ በጎርፍ ተውጦ ቅፍለቱ ቀናት ሙሉ በውኃና በጭቃ ውስጥ ሲንቦጫረቅ የጭነት እንስሳቱ አለቁ፣ ሰዎቹም በተቅማጥና በንዳድ ተመቱ። ሊቪንግስተን ኡጂጂ ላይ የተገኙት በዚያው ዓመት መገባደጃ ነው።

ከቅፍለቱ ዘመን ወደ አዳኙ ዘመን በሚወስደው መሻገሪያ ላይ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር በቀጥታ የሚያያዝ መቅሠፍት አለ። በ1887 ገደማ በምጽዋ በኩል ከውጭ በመጡ ከብቶች የገባውና በኢትዮጵያ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በአገሩ ላይ ክፉ ቀን እየተባለ የሚታወሰውን ረኃብ ካስከተለ በኋላ ወደ ደቡብ ዘልቆ በ1890 እና በ1891 የማሳይ አርብቶ አደሮችን መንጋ ፈጀ፤ በ1896 ደግሞ የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ። በሽታው የቤት ከብቱን ብቻ ሳይሆን ጎሹንና የቆርኬ ዘመድ የሆነውን ዊልድቢስት የተባለ መንጋኛ እንስሳም በገፍ ጨረሰ። ከብቱ ያለቀበት ሕዝብ በረኃብና በፈንጣጣ ተመትቶ ግጦሹን ጥሎ ሲሸሽ ሜዳውን ቁጥቋጦ ወረሰው፣ ቁጥቋጦውንም የቆላ ዝንብ ተከተለው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይተው የደረሱት አውሮፓውያን ያዩትን ጭር ያለ ምድር ከጥንት ጀምሮ ሰው ያልረገጠው የዱር አገር አድርገው ጻፉት፤ ይህ አስተያየት ባለቤቶቹን ከገዛ ግጦሻቸው ለማስነሣት በኋላ እንደ ማስረጃ በማገልገሉ ከታሪክ ስሕተትነቱ ይልቅ ያደረሰው በደል ይከብዳል።

በ1896 ከሞምባሳ የተጀመረው የኡጋንዳ ባቡር በ1899 ናይሮቢ፣ በ1901 የቪክቶሪያን ሐይቅ ሲደርስ ወራት ይፈጅ የነበረው መንገድ በቀናት የሚለካ ሆነ። በ1900 ለንደን ላይ የተሰበሰቡት ቅኝ ገዥ መንግሥታት የአፍሪካን የዱር እንስሳት ስለመጠበቅ በተፈራረሙት ስምምነት ውስጥ እንስሳት ግልገል በሚያሳድጉበት ጊዜ አደን የሚታገድበት ወር እንዲኖር የሚል ሐሳብ ሰፍሮ ነበር፤ ስምምነቱ ግን በበቂ ቁጥር ሳይጸድቅ ቀረ። ሐሳቡ የመነጨው አጋዘንና ወፍ በተወሰነ ወር ብቻ ከሚወልዱበት ከአውሮፓ ነው፤ ዝሆንና ሌሎች ብዙ እንስሳት ዓመቱን ሙሉ በሚወልዱበት በምድር ወገብ አገር እንደዚያ ያለ አንድ ወጥ እገዳ ለመቁረጥ አስቸጋሪ ነበር። በብሪታንያ ምሥራቅ አፍሪካ ዋናው መቆጣጠሪያ የአደን ፈቃድና የተከለለ ቦታ ሆኖ ሲቀር፣ ወሩን መምረጥ ለአዳኙና ለአስጎብኚው ተተወ።

በ1904 ናይሮቢ ውስጥ የተቋቋመው ኒውላንድ፣ ታርልተን የተባለው ድርጅት ድንኳኑን፣ ተሸካሚውን፣ ስንቁንና መሪውን አሟልቶ በአንድ ዋጋ የሚያቀርብ በመሆኑ ሳፋሪን ራሱን የቻለ ንግድ ካደረጉት ቀዳሚዎች መካከል ነው። ከደንበኞቹ ሁሉ ስመ ጥር የሆኑት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ነበሩ። ሩዝቬልት ሥልጣናቸውን ያስረከቡት በየካቲት መጨረሻ 1909 ሲሆን፣ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይተው በመርከብ ተነሥተው ሞምባሳ የደረሱት በሚያዝያ፣ በማሲካው እምብርት ነው፤ የጉዞአቸውን ወር የቆረጠው የሣሩ ቁመት ሳይሆን የዋሽንግተን የሥልጣን ርክክብ ነበር። ከ200 በላይ ተሸካሚ ይዘው ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው በመቆየታቸው ግን ወቅት መምረጥ አላስፈለጋቸውም፤ ሁሉንም ወቅት አዩት። ለስሚዝሶኒያን ተቋም የተሰበሰበው ናሙና ከ11,000 አልፎ ነበር፤ እርሳቸውና ልጃቸው ከርሚት ብቻ የጣሉት ግዳይ 512 ደርሷል። እንዲህ ያለው ረጅም ጉዞ ግን ጊዜም ገንዘብም ለተረፈው ብቻ የሚቻል ነበርና፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ብቻ ያለው አዳኝ ሣሩ የወደቀበትንና ኩሬው የደረቀበትን ጊዜ መሻት ጀመረ፤ ረጅም ሣር ውስጥ ግዳይ አይታይም፣ ውኃም በየቦታው ካለ እንስሳው ይበተናል።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው አውቶሞቢል ይህን ምርጫ ወደ ግዴታ ለወጠው። በማሳይ ሜዳና በሴሬንጌቲ ሰፊ ክፍል ያለው በኢትዮጵያ ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ዓይነት ጥቁር አፈር ሲሆን፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠነክረውን ያህል ሲረጥብ ጎማን እስከ ወገቡ ይውጣል። ተሸካሚ በጭቃ ውስጥም ቢሆን እየተጎተተ ይሄድ ነበር፤ መኪና ግን ይቆማል። መኪና ርቀትን ቢያሳጥርም የዓመቱን የሥራ ወራት አጥብቦታል፤ በዝናብ ወራት የሚዘጋ ሳፋሪ የሚለው ልማድ ሥር የሰደደውም በዚህ ዘመን ነው። ደራሲው ኧርነስት ሄሚንግዌይ በ1933 ማብቂያ በፊሊፕ ፐርሲቫል መሪነት የጀመሩትን አደን በሚተርከው በ1935 በወጣው «የአፍሪካ አረንጓዴ ኮረብቶች» በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ ታሪኩን የሚያጣድፈው ይኸው ፍርሃት ነው፤ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋ አጋዘኑ መገኘት አለበት።

ለእንስሳቱ ግን ዓመቱ የሚዞረው በዝናቡ ላይ ነው፤ ይህም እንደ ሴሬንጌቲ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ የለም። በደቡብ ምሥራቅ ያለው ዛፍ አልባ ሜዳ ከኬሪማሲና ከኦል ዶይንዮ ሌንጋይ እሳተ ገሞራዎች በወጣ አመድ የተሸፈነ ሲሆን፣ በላዩ የሚበቅለው አጭር ሣር የምታጠባ እናት በምትፈልጋቸው በካልሲየምና በፎስፈረስ የበለጸገ ነው፤ ነገር ግን በዓመት ወደ 500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ብቻ ስለሚያገኝና ቋሚ ውኃ ስለሌለው መንጋው ሊቆይበት የሚችለው ዝናብ እስካለ ድረስ ነው። ዊልድቢስቶች በቩሊ ወደዚህ ይወርዱና በጥር መጨረሻና በየካቲት፣ አብዛኞቹ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ተሽቀዳድመው ይወልዳሉ፤ የግልገሉ ብዛት አዳኝ አራዊት ሊፈጁት ከሚችሉት በላይ ስለሚሆን ብዙው ይተርፋል። ማሲካ አልቆ ሜዳው ሲደርቅ መንጋው በምዕራብ ዞሮ ዝናቡ በእጥፍ ወደሚበልጥበትና ዓመቱን ሙሉ የሚፈስሰው የማራ ወንዝ ወዳለበት ሰሜን ይወጣል። ተመራማሪው አንቶኒ ሲንክሌርና ባልደረቦቻቸው እንዳረጋገጡት የዊልድቢስቱን ብዛት የሚወስነው በዚህ ደረቅ ጊዜ የሚያገኘው ሣር ነው። ስለዚህ ጎብኚው ምርጥ የሚለው ወቅት ለእንስሳው የጠኔ ጊዜ ነው፤ በወንዝ ዳር ተሰብስቦ በቀላሉ የሚታየውም ምቾት አግኝቶ ሳይሆን ሌላ መሄጃ አጥቶ ነው።

ማሳዮች ይህን የቀን አቆጣጠር ከማንም ቀድመው ያውቁታል፤ ከዊልድቢስት ግልገሎች ወደ ከብት የሚተላለፍ ገዳይ በሽታ በመኖሩ በወሊዱ ወር መንጋቸውን ከሜዳው ያርቃሉ፣ ሌላ ጊዜ ይመለሱበታል። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ግን በ1951 የሴሬንጌቲን ብሔራዊ ፓርክ ሲያቋቁም ወሰኑን ያሰመረው እንስሳቱ በየወቅቱ የት እንደሚውሉ ሳያጠና ነበር። የፍራንክፈርት የእንስሳት ማቆያ ኃላፊ የነበሩት በርንሃርድ ግሪሜክና ልጃቸው ሚካኤል በ1957 መጨረሻ የሜዳ አህያ መልክ የተቀባች ትንሽ አውሮፕላን እያበረሩ ከጀርመን መጥተው መንጋውን ከአየር ሲቆጥሩና ሲከታተሉ፣ ለፓርኩ ሊሰመር በታሰበው አዲስ ወሰን ሳይታጠር በዝናብ ወራት ውጭ እንደሚግጥ ተረዱ። ሚካኤል በጥር 1959 አውሮፕላኗ ወድቃ ሞተ፤ «ሴሬንጌቲ መሞት የለበትም» የተባለው ፊልማቸውም በ1960 የኦስካር ሽልማት አገኘ። በ1959 ፓርኩ በሰሜን በኩል እስከ ኬንያ ድንበር ሲሰፋ፣ ማሳዮች ከሴሬንጌቲ ወጥተው ወደ አዋሳኙ ንጎሮንጎሮ እንዲሄዱ ተደረገ። የእንስሳቱ ወቅታዊ ጉዞ የታወቀበትና የታፈረበት ያው ዓመት የሰዎቹ ወቅታዊ ጉዞ የተቋረጠበት ዓመት መሆኑን የፓርኩ ታሪክ ጸሐፊዎች ሁልጊዜ በሚገባው ክብደት አያነሡትም።

ዛሬ የዘመናት ሁሉ ትዕይንት መስሎ የሚቀርበው በማራ ወንዝ የሚደረገው መሻገርም በዚህ ስፋቱ ከታየ ብዙ አልሆነውም። የግሪሜኮች ቆጠራ ያገኘው ወደ 100,000 የሚጠጋ ዊልድቢስት ብቻ ነበር፤ ቁጥሩ ከእውነተኛው ዝቅ ያለ ሳይሆን አይቀርም፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተደረገው ቆጠራም ከሩብ ሚሊዮን ብዙ አላለፈም። በፓርኩ ዙሪያ ያሉ ከብቶች ለደስታ በሽታ ሲከተቡና በሽታው ከዱር እንስሳቱ ሲጠፋ፣ በ1970ዎቹም በደረቁ ወራት የሚጥለው ዝናብ ሲጨምር መንጋው በፍጥነት በዝቶ በዚያው አሥርት ማብቂያ ከ1.2 ሚሊዮን በለጠ፤ በብዛት ወደ ኬንያው ማሳይ ማራ መዝለቅ የጀመረውም ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው።

የፖለቲካው ሂደት ደግሞ ይህን የደረቅ ወቅት ትዕይንት የኬንያ ንግድ ምሰሶ አደረገው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሲፈርስ ታንዛኒያ በ1977 መጀመሪያ ከኬንያ ጋር የሚያዋስናትን ድንበር ዘጋች፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ኬንያ አደንን ከለከለች። ከናይሮቢ ተነሥቶ ሴሬንጌቲንና ንጎሮንጎሮን ዞሮ የሚመለሰው የቆየ ጉዞ ተቋረጠ፤ ካሜራ የያዘው የኬንያ ጎብኚም ከዚህ ወዲያ ዊልድቢስቱን የሚያገኘው መንጋው ራሱ ድንበር ሲሻገር፣ ማለትም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ብቻ ሆነ። ድንበሩ በ1983 ቢከፈትም ልማዱ ጸንቶ ቀረ። በዚህ ላይ በ1958 የተከፈተው የናይሮቢው ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያና በ1960ዎቹ የተስፋፋው የጄት በረራ ሳፋሪን የሁለት ሳምንት ዕረፍት ላለው ደመወዝተኛ ስላዳረሰው፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት ሐምሌና ነሐሴ ከደረቁ ወቅት ጋር በአጋጣሚ ተገጣጠመ። የትምህርት ቤቶቹ ዕረፍት በየካቲት ቢሆን ኖሮ በዓለም የሚታወቀው የሴሬንጌቲ ምስል አዞ የሚጎትተው ዊልድቢስት ሳይሆን በለመለመ ሜዳ ላይ የሚወለደው ግልገል በሆነ ነበር።

ሌሎች አገሮች የየራሳቸውን ወቅት በየራሳቸው ምክንያት አበጁ። በደቡብ አፍሪካ በ1926 የተቋቋመው የክሩገር ፓርክ ለብዙ ዓመታት አብዛኛው ክፍሉ በሞቃታማውና በዝናባማው ወር የሚዘጋው በወባና በመንገድ ምክንያት ነበር። በዛምቢያው የሉዋንግዋ ሸለቆ ኖርማን ካር ያስለመዱት የእግር ሳፋሪ ወንዙ ሲጎድል በሣርና በእንጨት በሚሠሩና ጎርፍ ሲመጣ በሚነሡ ካምፖች ላይ የቆመ ነው። የቦትስዋናው ኦካቫንጎ ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ በአንጎላ ተራሮች የጣለው ዝናብ ወራት ፈጅቶ ስለሚደርስ ረግረጉ የሚሞላው ሰማዩ ፍጹም በደረቀበት በሰኔና በሐምሌ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ ዋጋ የሚቀንስበትና አንዳንድ ካምፕ የሚዘጋበት የማሲካ ጊዜ ከጥቂት አሥርት ወዲህ አረንጓዴው ወቅት የሚል ስም ተሰጥቶታል። ስሙ ለገበያ የወጣ ቢሆንም የሚያመለክተው ነገር እውነት ነው፤ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት፣ ሜዳው አበባ የሚለብስበትና አቧራው የሚታጠብበት ጊዜ በመሆኑ ምድሪቱን በሙላቷ ማየት የሚሻ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም። አደጋ ግን አይታጣበትም፤ በሚያዝያ 2024 መጨረሻ የታሌክ ወንዝ ሞልቶ በማሳይ ማራ የነበሩ ካምፖችን ሲያጥለቀልቅ ጎብኚዎች በሄሊኮፕተር ተነሥተዋል። ከዚያ ቀደም ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ዝናቡ በተከታታይ ወቅቶች ቀርቶ ነበርና፣ በነፋስና በተሸካሚ ዘመን የሚታመነው የማሲካና የቩሊ ቀጠሮ አሁን እንደ ድሮው አይጠበቅም።

ይህም ሆኖ አስተዳደሩ የወቅቱን ዋጋ በወር ቆርጦ አስቀምጦታል። ማሳይ ማራን የሚያስተዳድረው የናሮክ ካውንቲ ከ2024 ጀምሮ ከውጭ አገር ጎብኚ በቀን የሚያስከፍለውን በዓመቱ የመጀመሪያ ስድስት ወር 100 ዶላር፣ በሁለተኛው ስድስት ወር 200 ዶላር አድርጓል። በዚህ ሥርዓት መሠረት ቩሊ የሚዘንብበትና ዊልድቢስቱ አብዛኛው ወደ ሴሬንጌቲ የሚመለስበት ኅዳር ከሐምሌና ከነሐሴ እኩል ይከፈልበታል፤ ደረቁና ብሩሁ ጥር ግን ከጎርፈኛው ሚያዝያ ጋር በግማሽ ዋጋ ተመድቧል።